ባካሲ፦ ፍርዱን መሬት ያስያዘው ዲፕሎማሲ

ዛሬ በትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ድንበር ውዝግብ እንነጋገራለን። ሁለት ጎረቤት ሪፐብሊኮች በአንድ መሬት ላይ የይገባኛል ጥያቄ አንሥተው፣ ጦር አሰልፈው፣ ደም ተቃብተው፣ በመጨረሻ ጉዳዩን በሕግና በድርድር እንዴት እንደቋጩት እናያለን። አገሮቹ ናይጄሪያና ካሜሩን ናቸው። የተጣሉበት መሬት ባካሲ ይባላል።

የባካሲ ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረን፣ ዘ ሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ለካሜሩን ፈረደ፣ ናይጄሪያም መሬቱን አስረክባ ወጣች የሚል አጭር ታሪክ ነው። ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዋናውን ቁም ነገር ይዘለዋል። ፍርዱ ከተነበበበት ዕለት አንሥቶ ካሜሩን በቦታው ላይ ሙሉ ሥልጣን እስከያዘችበት ዕለት ድረስ 11 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ሁለቱን አገሮች ዳግም ወደ ውጊያ ከመግባት ያዳናቸው በእነዚያ ዓመታት የተሠራው አድካሚ የዲፕሎማሲ ሥራ ነው። በዝግጅታችን የምንጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳችሁ።

በመጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ባካሲ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ጥግ ላይ ወደ ባሕር የገባ መሬት ነው። ስፋቱ 700 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። አብዛኛው ረግረግ ሲሆን፣ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሥሩን ሰዶ የሚቆመው የማንግሮቭ ዛፍ ሸፍኖታል። ወንዞችና ጅረቶች ከፋፍለውታልና ሰው ከመንደር ወደ መንደር የሚሄደው በጀልባ ነው። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ የኤፊክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ ዘመድ ወዳጃቸው ያለው ማዶ፣ ናይጄሪያ ውስጥ በካላባር ከተማና በአካባቢዋ ነው። መንግሥታቱን ያጓጓቸው ግን ዓሣው ብቻ አይደለም። በአካባቢው ባሕር የነዳጅ ዘይት ተስፋ አለ። ወደ ካላባር ወደብ የሚወስደው የመርከብ መንገድም በዚያው አጠገብ ያልፋል።

ውዝግቡ የተወለደው ሁለቱ አገሮች ራሳቸው ከመወለዳቸው በፊት ነው። በሴፕቴምበር 1884 የአሮጌው ካላባር ነገሥታትና አለቆች ከብሪታንያ ጋር የጥበቃ ውል ተፈራረሙ። ከ28 ዓመት ተኩል በኋላ፣ በማርች 1913፣ ብሪታንያ ከጀርመን ጋር ተዋውላ ባካሲን በጀርመኗ ካሜሩን በኩል አደረገችው። ከመሬቱ ባለቤቶች ጋር የመከረ አልነበረም። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስትሸነፍ ካሜሩን ለፈረንሳይና ለብሪታንያ ተከፋፈለች። በነፃነት ዋዜማ፣ በፌብሩዋሪ 1961፣ በብሪታንያ ሥር በነበረው ክፍል ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ሰሜኑ ከናይጄሪያ ጋር፣ ደቡቡ ከካሜሩን ጋር መዋሐድን መረጠ። ባካሲ በካርታው ላይ የወደቀው በደቡቡ በኩል ነበር።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስላሳለፈው አንድ ውሳኔ ማንሣት ይገባል። ድርጅቱ በተመሠረተ በዓመቱ፣ በጁላይ 1964፣ መሪዎቹ ካይሮ ላይ ተሰብስበው አባል አገሮች ነፃነታቸውን ሲያገኙ የነበረውን ወሰን እንዲያከብሩ ወሰኑ። ወሰኑን ቅኝ ገዥዎች ያሰመሩት መሆኑ፣ ሕዝብን ከሕዝብ መለያየቱም ጠፍቷቸው አልነበረም። ይሁን እንጂ አንዱ መስመር ከተነካ ሌላውም ሁሉ እንደሚነካ፣ አህጉሩም የጦር ሜዳ እንደሚሆን ስለ ሠጉ ያለውን ተቀብሎ መኖርን መረጡ። ባካሲን የሚመለከተው ክርክር ሁሉ በዚህ መርሕ ጥላ ሥር የተካሄደ ነው።

ናይጄሪያና ካሜሩን መጀመሪያ ላይ ነገሩን በመነጋገር ሊጨርሱት ተቃርበው ነበር። የናይጄሪያው መሪ ጄኔራል ያኩቡ ጎዎንና የካሜሩኑ ፕሬዚዳንት አህማዱ አሂጆ በ1971 ያውንዴ ላይ፣ ከዚያም በጁን 1975 ማሩዋ በተባለችው የካሜሩን ከተማ ተገናኝተው የባሕር ወሰኑን መስመር በካርታ ላይ ፈርመዋል። ነገር ግን ከማሩዋው ፊርማ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ጎዎን በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ። ተከታዮቻቸውም ስምምነቱ በሕግ አግባብ አልጸደቀም ብለው ሳይቀበሉት ቀሩ። አንድ መሪ ብቻውን የፈረመው፣ ሕዝቡና ተተኪዎቹ ያልተነገራቸው የድንበር ስምምነት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ከዚህ እንማራለን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየከረረ ሄደ። በሜይ 1981 አምስት የናይጄሪያ ወታደሮች በካሜሩን ኃይሎች ተገደሉ፤ ሁለቱ አገሮችም ወደ ጦርነት አፋፍ ደረሱ። በ1993 መጨረሻ የናይጄሪያ ጦር ባካሲ ገባ። ካሜሩን በማርች 1994 ክሷን ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አቀረበች፤ ቆይታም ከቻድ ሐይቅ እስከ ባሕሩ ያለው ወሰን በሙሉ እንዲታይላት ጠየቀች። ጉዳዩ በፍርድ ቤት እያለ እንኳ በፌብሩዋሪ 1996 ባካሲ ውስጥ ውጊያ ተቀሰቀሰ። ፍርድ ቤቱም በማርች 1996 ሁለቱም ወገኖች ተኩስ እንዲያቆሙና ከነበሩበት እንዳይንቀሳቀሱ አዘዘ።

አድማጮቻችን፣ ክርክሩ ምን ይመስል ነበር? የናይጄሪያ መከራከሪያ በዋናነት በሁለት ነጥቦች ላይ የቆመ ነበር። አንደኛ፣ ባካሲ የካላባር ነገሥታት መሬት ነው፤ ብሪታንያ ጠባቂ እንጂ ባለቤት ስላልነበረች የሌላትን መሬት ለጀርመን ልትሰጥ አትችልም። ሁለተኛ፣ ነዋሪዎቹ ናይጄሪያውያን ናቸው፤ ትምህርት ቤት የከፈትንላቸው፣ ጤና ጣቢያ ያቆምንላቸው፣ ግብር የሰበሰብነው እኛ ነን የሚል ነበር። ካሜሩን ደግሞ የ1913ቱን ውልና የማሩዋን ስምምነት አቀረበች። ናይጄሪያ ራሷ ከነፃነት በኋላ ባካሲ የካሜሩን መሆኑን ተቀብላ እንደነበርም በሰነድ አሳየች። ከሰነዶቹ አንዱ በማርች 1962 ናይጄሪያ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድን አስመልክታ ከነካርታው ለካሜሩን የላከችው ደብዳቤ ነው።

ፍርዱ የተነበበው ኦክቶበር 10 ቀን 2002 ነበር። ፍርድ ቤቱ በ13 ድምፅ ለ3 የባካሲ ሉዓላዊነት የካሜሩን ነው አለ። የማሩዋውም ስምምነት በአገር መሪ የተፈረመ ስለሆነ ያስገድዳል ሲል ወሰነ። ናይጄሪያ ከባካሲና በቻድ ሐይቅ አካባቢ ለካሜሩን ከተወሰኑት ቦታዎች ያለ ቅድመ ሁኔታ በአፋጣኝ እንድትወጣ፣ ካሜሩንም ለናይጄሪያ ከተወሰኑት እንዲሁ እንድትወጣ አዘዘ። ፍርዱ ለአንዱ ወገን ብቻ ያደላ አልነበረም፤ በረጅሙ የየብስ ወሰን ላይ ለናይጄሪያ የተሰጡም ቦታዎች አሉ።

አሁን ወደ ዛሬው ዋና ጉዳያችን ደርሰናል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ፖሊስ የለውም፤ ጦርም የለውም። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የሚለው አባባል ደግሞ የሚሠራው ለገበሬ ብቻ አይደለም። የትኛውም መሪ መሬት አሳልፎ ሰጠ መባልን ይፈራል። ታዲያ በሕዝብ ብዛትም በጦር ኃይልም ከካሜሩን በብዙ የምትበልጠው ናይጄሪያ እንዴት ብላ ወጣች?

የመጀመሪያው መልስ ያለው ከፍርዱ በፊት በተሠራ ሥራ ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን ፍርዱ ሊነገር አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ በሴፕቴምበር 5 ቀን 2002፣ የናይጄሪያውን ፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆንና የካሜሩኑን ፕሬዚዳንት ፖል ቢያን ፓሪስ አጠገብ አገናኟቸው። ሁለቱም ፍርዱ ምንም ይሁን ምን እንደሚያከብሩት፣ አፈጻጸሙን የሚከታተል አካልም እንደሚያቋቁሙ ተስማሙ። የዚህን ብልኃት ልብ በሉ። ውጤቱ ሳይታወቅ አከብራለሁ ማለት ለሁለቱም ይቀላል፤ ማን ረታ ማን ተረታ ገና አልተባለምና። ከተፈረደ በኋላ ቃል ለማስገባት ቢሞከር ግን የተረታው ወገን ለምን ብሎ ቃል ይገባል?

እንደተፈራውም ፍርዱ ሲነበብ ናይጄሪያ ውስጥ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ መንግሥትም ፍርዱን እንዳለ ለመቀበል አመነታ። አናን ግን አልዘገዩም። በኖቬምበር 15 ቀን 2002 ሁለቱን መሪዎች ጄኔቫ ላይ መልሰው አገናኙ። በዚያም የናይጄሪያ፣ የካሜሩንና የተባበሩት መንግሥታት ተወካዮች ያሉበት የጋራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሞሪታኒያዊው ዲፕሎማት አህመዱ ኡልድ አብደላ ሆኑ። ኮሚሽኑ የመጀመሪያ ስብሰባውን በዲሴምበር 2002 ያውንዴ ላይ አደረገ፤ ከዚያ በኋላም አንድ ጊዜ ያውንዴ፣ አንድ ጊዜ አቡጃ እያለ ቀጠለ። ይህ መፈራረቅ ቀላል ነገር አይደለም። የአንዱ አገር ልዑካን በሌላው ዋና ከተማ በእንግድነት እያደሩ፣ አብረው እየበሉ መተዋወቅ ጀመሩ።

ስለ ኮሚሽኑ አባላት አንድ ነገር ላንሣ። በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ተከራካሪ አገር ከዳኞቹ መካከል ዜጋዋ ከሌለ ለዚያ ጉዳይ ብቻ አንድ ዳኛ መሰየም ትችላለች። ናይጄሪያ የሰየመቻቸው የቀድሞ የፍትሕ ሚኒስትሯን ቦላ አጂቦላን ነበር። አጂቦላ የባካሲን ውሳኔ ከተቃወሙት ሦስት ዳኞች አንዱ ናቸው። በጋራ ኮሚሽኑ የናይጄሪያን ልዑክ እንዲመሩ የተመረጡትም እኚሁ ሰው ናቸው። ፍርዱን በድምፃቸው የተቃወሙ ሰው ፍርዱን ወደ ማስፈጸም ሥራ ገቡ ማለት ነው። ለናይጄሪያ ሕዝብ ይህ ትርጉም ነበረው። ለአገራቸው ጥቅም እስከ መጨረሻው የተከራከሩ ሰው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ፣ አገሪቱ በጓዳ ተሸጠች ማለት አይቻልም። በካሜሩን በኩል ልዑኩን የመሩት የፍትሕ ሚኒስትሩ አማዱ አሊ ነበሩ።

ሁለተኛው ጥበብ ከቀላሉ መጀመር ነው። ኮሚሽኑ መጀመሪያ ባካሲን አልነካም። በዲሴምበር 2003 ናይጄሪያ በቻድ ሐይቅ አካባቢ ከነበሩ ከ30 በላይ መንደሮች አስተዳደሯንና ወታደሮቿን አወጣች፤ ካሜሩንም በየብሱ ወሰን ላይ መልቀቅ የሚገባትን ለቀቀች። ከዚያ የባካሲ ተራ ሲደርስ ሥራው ተንገጫገጨ። ለመውጣት የተያዘው ቀን ሴፕቴምበር 15 ቀን 2004 ነበር፤ ናይጄሪያ የቴክኒክ ችግር ገጥሞኛል ብላ ሳትወጣ ቀረች። በሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ይህች ቀን ለውጊያ በቂ ምክንያት በሆነች ነበር። ካሜሩን ግን ጦር አላንቀሳቀሰችም፤ ከኮሚሽኑም አልወጣችም። ፍርዱን በእጇ ይዛ ሁለት ዓመት ያህል ታገሠች።

ትዕግሥቱ ፍሬ ያፈራው በጁን 12 ቀን 2006 ነው። ኦባሳንጆና ቢያ ኒውዮርክ አጠገብ ግሪንትሪ በተባለ ሥፍራ ኮፊ አናን ባሉበት አዲስ ስምምነት ፈረሙ። በምስክርነት የፈረሙት ጀርመን፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና አሜሪካ ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ በቅኝ ግዛት ዘመን ካሜሩንን የገዙ መንግሥታት መሆናቸውን አስተውሉ። የግሪንትሪ ስምምነት መሬቱ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ አልከፈተም፤ እርሱ ተፈርዷል። የመለሰው ጥያቄ በምን ዓይነት መንገድ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ የሚለውን ነው። የናይጄሪያ ጦር በ60 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ካስፈለገ 30 ቀን ይጨመራል። ከባካሲ የተወሰነው ክፍል ለሁለት ዓመት በናይጄሪያ ሲቪል አስተዳደር ሥር ይቆያል። ከዚያ በኋላ ባለው አምስት ዓመት ካሜሩን በዚያ ክፍል ለሚኖሩት ሰዎች ልዩ ሥርዓት ታስከብራለች።

በኦገስት 14 ቀን 2006 አርቺቦንግ በተባለች የባካሲ መንደር ሥነ ሥርዓቱ ተፈጸመ። የናይጄሪያ ሰንደቅ ዓላማ ወረደ፤ የካሜሩን ተሰቀለ። ወታደሮቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። አንድም ጥይት አልተተኮሰም።

ይህ ማለት ግን መንገዱ ሁሉ ለስላሳ ሆነ ማለት አይደለም። በኖቬምበር 2007 ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች ባካሲ ውስጥ 21 የካሜሩን ወታደሮችን ገደሉ። በዚያው ወር የናይጄሪያ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ርክክቡ ሕጋዊ አይደለም ብሎ ወሰነ። ባካሲ በ1999ኙ የናይጄሪያ ሕገ መንግሥት ውስጥ ከአካባቢ መስተዳድሮች አንዱ ሆኖ በስም ተጽፎ ስለነበረ ክርክሩ መሠረት የሌለው አልነበረም። በጁላይ 2008 መጨረሻ ደግሞ አቡጃ የሚገኝ ፍርድ ቤት ርክክቡ እንዲቆይ አዘዘ። ኦባሳንጆን የተኩት ፕሬዚዳንት ኡማሩ ያርአዱዋ ግን አገራቸው የገባችውን ቃል እንደምታከብር ተናገሩ። የመጨረሻው ርክክብ ለጸጥታ ሲባል ወደ ካላባር ተዛውሮ ኦገስት 14 ቀን 2008 ተከናወነ። ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ማመልከት የሚቻልበት የ10 ዓመት ጊዜ በኦክቶበር 2012 ሊያልቅ ሲልም ናይጄሪያ ውስጥ ብዙ ግፊት ነበር፤ መንግሥት ግን እንደማያመለክት አስታወቀ። ልዩ ሥርዓቱ በኦገስት 2013 ሲያበቃ ባካሲ ሙሉ በሙሉ በካሜሩን ሥልጣን ሥር ሆነ።

አድማጮቻችን፣ እስካሁን ያወራነው ስለ መንግሥታት ነው። ሰዎቹስ? የግሪንትሪ ስምምነት ሦስተኛው አንቀጽ ስለ እነርሱ ይናገራል። ካሜሩን ባካሲ ውስጥ የሚኖሩ ናይጄሪያውያንን ከቤታቸው እንዳታስወጣ፣ ዜግነታቸውን እንዲቀይሩ እንዳታስገድድ ይከለክላል። ባህላቸውን፣ ቋንቋቸውንና እምነታቸውን እንድታከብር፣ ዓሣ ማጥመዳቸውንና እርሻቸውን እንዲቀጥሉ እንድትፈቅድ፣ ከሌላው ለይታ ግብር እንዳትጭንባቸው ያዛል። በልማድ የያዙት የመሬት መብትም ይጠበቃል። ይህ በወረቀት ላይ የተጻፈ ነው፤ ጥሩም ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙ ሰዎች ባካሲን ለቅቀው ናይጄሪያ ገብተዋል። ለእነርሱ ተብሎ በተዘጋጀው አዲስ ሠፈር መጠለያውና መተዳደሪያው አልበቃም ብለው ለዓመታት አቤት ሲሉ ኖረዋል። ለዓሣ አጥማጅ ከውኃ የራቀ ቤት ምኑ ነው? ዲፕሎማሲው ጦርነትን አስቀርቷል፤ የተፈናቀሉትን ግን በሚገባ አልካሠም። ይህንን ጉድለት ሳንደብቅ መናገር አለብን።

ወሰኑን መሬት ላይ የማመልከቱ ሥራም ከርክክቡ ጋር አላበቃም። ከቻድ ሐይቅ እስከ ባሕሩ ያለው ወሰን ወደ 2,100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች ከተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ጋር አንድ ቡድን ሆነው፣ የሳተላይት ምስልና የአቅጣጫ መለኪያ መሣሪያ ይዘው ተራራውንና ጫካውን በእግር እየተጓዙ መስመሩን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ የሲሚንቶ ምሰሶ ይተከላል። መስመሩ የሰው መንደር ሲነካ፣ ወይም ወንዙ አቅጣጫውን ቀይሮ ሲገኝ እንደገና ወደ ጠረጴዛ ይመለሳሉ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ቅርብ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የባካሲ ፍርድ ከመሰጠቱ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 13 ቀን 2002፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን አሳውቆ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት በዲሴምበር 2000 አልጀርስ ላይ ሲፈራረሙ ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ሆኖም ኮሚሽኑ ምሰሶዎቹን መሬት ላይ ሳይተክል፣ ነጥቦቹን በካርታ ላይ አመልክቶ በ2007 መጨረሻ ሥራውን ዘጋ። ድንበሩም እስከ 2018 ድረስ ተዘግቶ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያይቶ፣ ወታደር ከወታደር ተፋጥጦ ኖረ። ጥፋቱን ማን ይውሰድ የሚለው ራሱን የቻለ ሰፊ ርዕስ ነው። ለዛሬ ትምህርታችን የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱም ጉዳዮች በአንድ ዓመት ተፈርደው ሳለ፣ በአንደኛው ከፍርዱ በኋላ መነጋገሩ አልተቋረጠም፤ በሌላኛው ተቋረጠ።

እንግዲህ ከባካሲ የምንወስዳቸውን ትምህርቶች ሰብሰብ እናድርጋቸው። አንደኛ፣ ተከራካሪዎች ውጤቱን ሳያውቁ ቃል መግባት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ፍርዱን የሚያስፈጽም፣ ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ወገን ያለበት የጋራ መድረክ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮ ቢተላለፍም መድረኩ መፍረስ የለበትም። ሦስተኛ፣ የሚለቅቀው ወገን በክብር የሚወጣበት ጊዜና መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ የረታውም መፎከሩን ይተው። አራተኛ፣ ወሰኑ በቤታቸው ደጃፍ የሚያልፍባቸው ሰዎች ከመጀመሪያው ይጠየቁ፤ የሚከፈላቸውም ካሣ ከፊርማው ጋር አብሮ ይወሰን። በባካሲ ሦስቱ ተሟልተዋል፤ አራተኛው ግን ጎድሏል።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎረቤት አገር ግን ቤት ሸጦ እንደሚሄድ ጎረቤት አይለወጥም። ናይጄሪያና ካሜሩን ዛሬም ጎረቤት ናቸው፤ ነገም ይሆናሉ፤ እኛም ከጎረቤቶቻችን ጋር እንዲሁ ነን። ስለዚህ አድማጮቻችን፣ በቤታችሁም ሆነ በሥራ ቦታችሁ፣ በአገር ውስጥም ሆነ በባዕድ አገር የድንበር ወሬ ሲነሣ፣ ለጦርነት ከሚገፋፋው ድምፅ ጋር ከመጮኻችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበት ጠረጴዛ አለ ወይ? ካለ እንዲጸና ድምፃችሁን አሰሙ፤ ከሌለ እንዲዘጋጅ ጠይቁ።